ቁጥራቸው ዜሮ ነበር

ባለፈው ሰሞን ሦስት ሆነን በብስክሌት ዳገት እንወጣ ነበር። እኛ ገና ሃያ ዓመት ያለፈን ተማሪዎች ነን። ዳገቱ አቃተንና ወርደን ብስክሌታችንን መግፋት ጀመርን። ከኋላችን አንድ ሽበታም ሽማግሌ በብስክሌት መጡ። የሚነዱት ቀስ ብለው ነው። አዘንንላቸውና «አባባ፣ ይውረዱ እንጂ! ይረፉ!» አልናቸው። እሳቸውም «ልጆቼ፣ የወረዳችሁት እናንተ ናችሁ» ብለውን አለፉ።

አፈርን። ማታ ቁጭ ብለን በብስክሌት ረጅም መንገድ ስለሚሄዱ አረጋውያን አነበብን። ካነበብነው የሁለቱን ታሪክ እንንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ወደ ስዊድን እንሂድ። ስዊድን በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ ረጅም አገር ናት። በ1943 ዓ.ም. ከሰሜኗ እስከ ደቡቧ የብስክሌት ውድድር ተዘጋጀ። መነሻው ሃፓራንዳ፣ መድረሻው ኢስታድ የሚባሉ ከተሞች ናቸው። መንገዱ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደር ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል።

አቶ ጉስታፍ ሆካንሶን «እኔም ልወዳደር» አሉ። ጢማቸው ረጅምና ነጭ ነው። ዕድሜያቸው 65 ዓመት አልፏል። አዘጋጆቹ ግን አይሆንም አሏቸው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አይወዳደርም ነበር። ታዲያ ሽማግሌው ምን አደረጉ? ዜሮ ቁጥር ለጥፈው ከመነሻው ላይ ተገኙ። ወጣቶቹ ከሄዱ ከአንድ ደቂቃ በኋላ እሳቸውም ተነሡ።

ሽማግሌ ወጣትን እንዴት ይቀድማል? በፍጥነት አይደለም። ተወዳዳሪዎቹ ማታ ማታ ያርፉ ነበር። አቶ ጉስታፍ ግን አልተመዘገቡም፤ ስለዚህ ደንቡ አይዛቸውም። ወጣቶቹ ሲተኙ እሳቸው ይነዳሉ። ወቅቱ በዚያ አገር የሙቀት ወቅት ነው። ያን ጊዜ በሰሜኑ በኩል ሌሊቱ እምብዛም አይጨልምም።

ወሬው በጋዜጣ ወጣ። ሕዝቡም «የብረቱ አያት» የሚል ስም አወጣላቸው። ሶደርሃምን ከምትባል ከተማ ሲደርሱ ፖሊሶች አስቆሟቸው። ሐኪም ሳያያቸው አይለፉም ተባለ። ሐኪሙ መረመራቸው፤ ጤነኛ ሆነው ተገኙ። መንገዳቸውን ቀጠሉ። በ6 ቀን ከ14 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ኢስታድ ገቡ። ከሌሎቹ አንድ ቀን ሙሉ ቀደሙ! በማግስቱ የአገሩ ንጉሥ ተቀበሏቸው።

እዚህ ላይ ሐቁን እንለይ። አቶ ጉስታፍ አሸናፊ ተብለው አልተመዘገቡም። ወጣቶቹም የተኙት ደንብ አክብረው ነው፤ አይወቀሱም። ነገር ግን አንድ ትምህርት አለ። አዘጋጆቹ ያዩት ሽማግሌው የተወለዱበትን ዓመት ነው። ሐኪሙ ያየው ሰውነታቸውን ነው። ትክክለኛው አሠራር የሐኪሙ ነው። አቶ ጉስታፍ እስከ 101 ዓመታቸው ኖረው በ1979 ዓ.ም. አረፉ።

«እሳቸውማ ሲፈጠሩም ብርቱ ናቸው፤ ለሌላው ሰው ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ከፈረንሳይ አገር እናገኛለን።

አቶ ሮቤር ማርሻን የሚባሉ ፈረንሳዊ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም.፣ በ100 ዓመታቸው፣ በአንድ ሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነዱ። ከዚያ ሳይንቲስቶች በሰጧቸው ምክር መሠረት ልምምድ ያዙ። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዱ ነበር። ከመቶው ሰማንያው ቀላል፣ ሃያው ጠንከር ያለ ነበር። በ2006 ዓ.ም.፣ በ102 ዓመታቸው፣ በአንድ ሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ከ927 ሜትር ነዱ። ዕድሜ ጨመሩ፤ መንገድም ጨመሩ!

ሳይንቲስቶቹ ሰውነታቸውን ለክተው ነበር። ሰውነታቸው ከአየር የሚወስደው ኦክስጅን ከመቶ 13 ጨመረ። ፔዳል የሚመቱበት ኃይል ከመቶ 39 ጨመረ። እውነት ነው፣ ሰው ሲያረጅ ጡንቻ ይሳሳል፤ የልብም ከፍተኛ ምት ይቀንሳል። ቢሆንም ጡንቻ ካሠሩት በእርጅናም ይጠነክራል። አቶ ሮቤር ያረፉት በ2013 ዓ.ም.፣ በ109 ዓመታቸው ነው።

እንግዲህ ዕድሜያችሁ ገፍቶ ረጅም መንገድ በብስክሌት ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ይያችሁ። በአጭር መንገድ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። ሽማግሌ ውሃ ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም፤ ስለዚህ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ ወዲያው ውረዱ። የአቶ ጉስታፍን እንቅልፍ ማጣት ግን አትከተሉ። ማታ ተኙ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ያንን ዳገት አሁንም አልጨረስነውም። ሽማግሌውን ዳግመኛ ስናገኛቸው «ይውረዱ» አንላቸውም። «አባባ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚወጡት?» ብለን እንጠይቃቸዋለን።