የነፋስ ተርባይን ክንፍ ልባስ

የነፋስ ተርባይን ክንፍ ልባስ ማለት በነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፎች ላይ የሚቀባ ወይም የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው። ዋና ሥራው ክንፉን ከዝናብ፣ ከአሸዋና ከፀሐይ መከላከል ነው። የክንፉ ገጽ ልሙጥ ሆኖ ሲቆይ ተርባይኑ የሚያመነጨው ኃይል አይቀንስም። አንዳንድ ልባሶች ደግሞ የክንፉን ድምፅ ለመቀነስ ይሠራሉ። ሁለቱ ዓላማዎች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ለኃይል ልሙጥ ገጽ ሲፈለግ፣ ድምፅን ለማብረድ ግን ጸጉራም ገጽ ጠቃሚ ሆኖ ተገኝቷል።

የክንፍ መበላት

የዘመናዊ ተርባይን ክንፍ በአብዛኛው ከፋይበርግላስና ከኢፖክሲ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል እንጂ፣ የትልልቆቹ ተርባይኖች ክንፍ ጫፍ በሰከንድ ከ80 እስከ 90 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት የዝናብ ጠብታ ክንፉን እንደ ጠጠር ይመታዋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠብታዎች በመጀመሪያ ቀለሙን ይፍቃሉ፣ ቀጥሎ ትናንሽ ጉድጓዶች ይከፍታሉ፣ በመጨረሻም ፋይበርግላሱን ያጋልጣሉ። ጉዳቱ የሚብሰው በፊት ጠርዙ ላይ፣ ወደ ጫፉ በኩል ነው። ብዙው ኃይል የሚገኘውም ከዚሁ የክንፉ ክፍል ነው።

የፊት ጠርዙ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሻክር፣ በክንፉ ላይ ተንሸራቶ ማለፍ የነበረበት አየር ገና ከመነሻው ይታወካል። በዚህም ክንፉን የሚያዞረው አንሺ ኃይል ይቀንሳል፣ ወደኋላ የሚጎትተው ኃይል ይጨምራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በዴንማርክ ባሕር ላይ የሚገኘው፣ 111 ተርባይኖች ያሉት የአንሆልት ጣቢያ ነው። ጣቢያው የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በ2018 እስከ 87 የሚደርሱት ተርባይኖች የክንፍ ጥገና እንደሚያስፈልጋቸው ተገልጿል። ተርባይን ግን የሚተከለው ከ20 ዓመት በላይ እንዲያገለግል ታስቦ ነው።

በብዛት የሚሠራበት መከላከያ ፖሊዩሬቴን ነው። ይህ ቁስ እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ የጠብታውን ምት ይውጣል፤ ደረቅ ቀለም ግን ይሰነጠቃል። በፈሳሽ መልክ ሊቀባ ወይም እንደ ፕላስተር ሊለጠፍ ይችላል። ተለጣፊው ዓይነት ቀድሞ የሄሊኮፕተር ክንፎችን ከአሸዋ ለመጠበቅ ያገለገለ ነው። ጉድለቱ ዳሩ ላይ ትንሽ ደረጃ መፍጠሩ ነው፤ ይህም ራሱ አየሩን በመጠኑ ያውካል።

ጀርመናዊው አልበርት ቤትዝ በስሌት እንዳሳየው፣ ተርባይን ከሚያልፍበት ነፋስ ሊወስድ የሚችለው ኃይል ከ59.3 በመቶ አይበልጥም። ማንኛውም ልባስ ይህን ወሰን አያሳልፍም። ስለዚህ «ልባስ ኃይል ይጨምራል» ሲባል በአብዛኛው የሚባክነውን ያድናል ማለት ነው።

ድምፅ

የክንፍ ድምፅ በዋናነት የሚወጣው ከኋላ ጠርዝ ነው። በክንፉ ገጽ ላይ የሚንከባለሉ ትናንሽ የአየር አዙሪቶች ቀጭኑን ጠርዝ ሲያልፉ «ሽው» የሚል ድምፅ ይፈጠራል። የድምፁ ኃይል ከፍጥነቱ አምስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። በዚህ ስሌት ፍጥነቱን በ15 በመቶ መቀነስ ድምፁን በ3.5 ዴሲቤል ገደማ ያወርደዋል። አንዳንድ ጣቢያዎች በተለይ ሌሊት ተርባይኖቻቸውን የሚያዘገዩት ለዚህ ነው፤ ሕጉም ያስገድዳቸዋል። ለምሳሌ በዴንማርክ ገጠር በሚገኝ መኖሪያ ቤት አጠገብ፣ ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ሲነፍስ የተርባይን ድምፅ ከ44 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። ጎረቤት እንዲተኛ ሲባል የተገታ ተርባይን ማመንጨት ይችል የነበረውን ኃይል ያጣል። ክንፉ ጸጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ግን ተርባይኑን መግታት ባላስፈለገ ነበር።

ተመራማሪዎች መላ የፈለጉት ከጉጉት ነው። ጉጉት ድምፅ ሳታሰማ የምትበርባቸው ሦስት ነገሮች እ.ኤ.አ. በ1934 ተገልጸዋል፦ በክንፏ ፊት ያለው ማበጠሪያ መሰል ላባ፣ በኋላ ያለው ዘርፍ፣ እንዲሁም የክንፏን ላይኛ ገጽ የሚሸፍነው እንደ ከፋይ የለሰለሰ ጸጉር። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ፣ የሊሃይና የፍሎሪዳ አትላንቲክ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ሦስተኛውን መረጡ። መጀመሪያ የሞከሩት የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሠራበትን ዓይነት ስስ ጨርቅ ነበር። ቀጥሎ በስሪዲ ፕሪንተር የፕላስቲክ ልባስ ሠርተው በተርባይን ክንፍ ቁራጭ ላይ አደረጉትና አየር በኃይል በሚነፍስበት የሙከራ ዋሻ ውስጥ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት፣ ድምፁ እስከ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ የክንፉ አሠራር ይህ ነው የሚባል ጉዳት አልደረሰበትም። 10 ዴሲቤል መቀነስ ማለት የድምፁ ኃይል አንድ አሥረኛ መሆን ነው፤ ለጆሮ ግን በግማሽ የቀነሰ ያህል ይሰማል።

ግጭቱ የሚፈታው በቦታ ክፍፍል ነው። ድምፅ አብራጁ ገጽ የሚቀመጠው ከኋላ ጠርዝ አቅራቢያ ስለሆነ፣ የፊት ጠርዙ በፖሊዩሬቴን ተሸፍኖ ልሙጥ ሆኖ መቆየት ይችላል። በገበያ ላይ ባሉ ተርባይኖች ግን በብዛት የሚታየው ሌላው የጉጉት ትምህርት ነው፤ ይኸውም በኋላ ጠርዝ ላይ የሚገጠም የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ፕላስቲክ ነው።