እንዳ ኢየሱስ፦ ምንጩ ከቅጥር ውጭ የቀረበት ምሽግ

ዛሬ መቐለ ውስጥ «እንዳ ኢየሱስ» ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የመቐለ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግቢ ነው። ኮረብታው ስሙን ያገኘው ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጦርነት ታሪክ የሚነሣው ግን ጣሊያኖች እዚያ በሠሩት ምሽግ ምክንያት ነው።

ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘ። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋው እየገፋ በ1888 ዓ.ም. መቐለ ላይ መሸገ። መቐለ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ መናገሻ የነበረች፣ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከእንዳ ኢየሱስ ላይ ሆኖ አካባቢውን መቃኘት፣ መድፍም ማነጣጠር ይቻላል። ችግሩ ውኃው ነበር፤ ምንጩ የሚገኘው ከቅጥሩ ውጭ፣ ከታች ነው።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. በራስ መኮንን የሚመራው የአፄ ምኒልክ ቀዳሚ ጦር አምባ አላጌ ላይ የማጆር ቶዘሊን ጦር ድል አደረገ፤ ቶዘሊም እዚያው ወደቀ። ጄኔራል አሪሞንዲ ወደ አዲግራት ሲያፈገፍግ ማጆር ጋሊያኖን ከ1,300 ያህል ወታደር ጋር ምሽጉ ውስጥ ትቶት ሄደ። አብዛኞቹ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ።

አፄ ምኒልክ ከዋናው ጦር ጋር ሲደርሱ ምሽጉን በቀጥታ ለመስበር ተሞከረ። ብዙ ሰው አለቀ እንጂ ቅጥሩ አልተደፈረም። ምንጩን እንያዝ የሚለውን ምክር ያመጡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው፤ የራሳቸውንም ወታደሮች ለዚሁ ሥራ ላኩ። ከዚያ በኋላ ጋሊያኖ ጥይት ቢኖረውም ውኃ አጠረው። ለእያንዳንዱ ሰው በልክ እየተሰፈረ ቢታደልም አላዛለቀም፤ ጥር 13 ቀን ምሽጉን ለቆ ወጣ።

ምኒልክ ጠላታቸውን ከነመሣሪያው መልቀቃቸው ያኔ ብዙ መኳንንትን አስቆጥቷል። የዋህነት አድርጎ የሚያየው ዛሬም አለ፤ እኔ ግን ስሌት ይመስለኛል። የጋሊያኖ ሰዎች በራስ መኮንን ታጅበው ሲጓዙ የንጉሠ ነገሥቱም ጦር በዚያው ሽፋን ወደ አድዋ አቅጣጫ ዞረ። የጣሊያን ጦር ዋና አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ በወገኑ ላይ ሳይተኩስ ሊያጠቃው አልቻለም። ጋሊያኖም ማዕረጉ አድጎለት ወደ ጦርነቱ ተመለሰ፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ሞተ።