ማንም የማይገዛት ቲማቲም 8 ሚሊዮን ዶላር አወጣች

የቲማቲም ድልህ የሚያመርት ፋብሪካ በኪሎ የሚገዛው በአብዛኛው ውሃ ነው። ከበሰለ ቲማቲም ከመቶ ዘጠና በላዩ ውሃ ሲሆን፣ ድልህ የሚሆነው ቀሪው ስኳርና ጠጣር ብቻ ነው። ውሃውን ለማትነን ደግሞ ነዳጅ ይቃጠላል። በጠጣሩ ላይ አንድ በመቶ ቢጨመር ከአንድ ጭነት የሚወጣው ድልህ ይበዛል፤ የነዳጁም ሂሳብ ይቀንሳል።

ጭማሪው የተገኘው ከፔሩ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሂዩ ኢልቲስ አንዲስን ሲያስሱ አረም የመሰለች የዱር ቲማቲም አገኙና ዘሯን ለካሊፎርኒያው የቲማቲም ሊቅ ለቻርልስ ሪክ ላኩ። ፍሬዋ ጥቃቅን ነው፤ ሲበስልም አይቀላም። ጉልት ላይ ቢደረደር ዋጋ የሚጠይቅ አይገኝም። ሪክ ግን ከእርሻው ቲማቲም ጋር ደጋግመው አዳቅለው ጠጣሩ የበዛ ዝርያ አወጡ። ኢልቲስ በ1980ዎቹ መጨረሻ እንደጻፉት፣ ለኢንዱስትሪው ያስገኘችው ጥቅም በዓመት 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር።

ይሁንና ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። ስኳር የሚጨምረው ጂን ብቻውን አይመጣም፤ እንደ ፍሬ ማነስ ያሉ የማይፈለጉ ጎረቤቶቹን አስከትሎ ነው። አዳቃዩም የሚመርጠው ፍሬውን እያየና እየለካ ነበር፤ ጂኑ የት እንዳለ አያውቅም። ያለ ሚዛን እንደመነገድ ነው።

ሚዛኑ የመጣው በ1988 ነው። ስቲቨን ታንክስሌይና ባልደረቦቻቸው የቲማቲምን ክሮሞዞሞች በሙሉ በሚሸፍን የጂን ካርታ ይህችኑ የዱር ዝርያ መርምረው፣ ጠጣሩን የሚወስኑ 4፣ የፍሬውን ክብደት የሚወስኑ 6 ቦታዎች ለዩ። ከዚያ ወዲህ አዳቃይ ችግኙን በቅጠሉ መርምሮ የሚፈልገውን ያስቀራል፤ ፍሬ እስኪያፈራ አይጠብቅም። በሩዝማ የባሰ ጉድ ታየ፦ በ1996 በወጣ ጥናት ምርቱ እዚህ ግባ ከማይባል የዱር ሩዝ የተገኙ ሁለት የጂን ቦታዎች እያንዳንዳቸው የእርሻ ሩዝን ምርት በ17 በመቶ ገደማ ከፍ አደረጉ።

ፔሩስ ምን አገኘች? ዘሩ ሲወጣ የሚያስገድድ ውል አልነበረም። አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ባለመብት መሆናቸውን ያጸደቀው የብዝሃ ሕይወት ስምምነት ለፊርማ የቀረበው በ1992 ነው።

ጉዳዩ የእኛንም ጫካ ቡና ይነካል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ለሚወስድ ሰው ፈቃድና የጥቅም መጋራት ውል ግዴታ ያደርጋል። ተቆልቶ ለሚጠጣ ቡና ሽያጭ ግን አዋጁ አይመለከትም። ደንበኛው ከጆንያው ጎን ለማዳቀል የሚሆን የዘር ናሙና ከጠየቀ ግን ላኪው የገባው ሌላ ሕግ ውስጥ ነው።