ከሳንቃበር እስከ ግጭ፦ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ምን ይጠይቃል?

በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች ተጓዦች በየምሽቱ በአንድ የተራራ ጎጆ እያደሩ ለቀናት በእግር ይጓዛሉ። ይህ ልማድ ለሀገራችንም እንግዳ አይደለም። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ አርሶ አደሮች በቀያቸው በተሠሩ የማኅበረሰብ ማረፊያ ጎጆዎች እንግዶችን ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ማደሪያው በአብዛኛው ድንኳን ነው፤ ሳንቃበር፣ ግጭ እና ጨነቅ የታወቁት የማደሪያ ቦታዎች ናቸው።

ጉዞው የሚጀመረው ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ደባርቅ ከተማ ነው። ተጓዡ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ የመግቢያ ክፍያ ይፈጽማል፤ መሣሪያ የታጠቀ ጠባቂም ይመደብለታል። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ እና በቅሎ ከጫኝ ጋር የሚገኙትም በዚሁ ነው።

ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ 250 ሜትር ገደማ፣ ግጭ ደግሞ 3 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እንደ ተጓዡ አቅም ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይወስዳል። መንገዱ በገደሉ አፋፍ እየታከከ የጅንባር ፏፏቴ ወደሚታይበት ቦታ ያደርሳል። ከዚያ ወደ ጅንባር ወንዝ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ ወደ ግጭ አምባ ሽቅብ ይወጣል። ተጓዡን የሚፈትነው ይህ የመጨረሻው አቀበት ነው።

የድካሙ ምክንያት አቀበቱ ብቻ አይደለም። በግጭ ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በአዲስ አበባ ጎፋ አካባቢ የሚኖር ሰው ደጋ የለመደ ቢመስለውም፣ ግጭ ከሰፈሩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለው ልዩነት ከዚህ በታች በመሆኑ ደረጃው ለሰውነት የተመቸ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ እና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከታዩ ግን ከፍታ መጨመሩን ማቆም፣ ሕመሙ ከበረታም ሳይዘገዩ መውረድ ያስፈልጋል።

በመንገዱ ዳር የአስታ ዛፍ፣ የጓሳ ሣር እና ጅባራ ይታያሉ። ጅባራ ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። ሣር የሚግጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎችም በመንጋ ይገኛሉ። ይህ የሣርና የቁጥቋጦ ሽፋን የክረምቱን ዝናብ ይዞ ቀስ በቀስ ወደ ምንጮች ይለቃል፤ የአካባቢው ወንዞችም ወደ ተከዜ ይፈስሳሉ። ሽፋኑ ሲራቆት ከታች ያለው አርሶ አደር ምንጩ ይደርቅበታል፤ በክረምትም ጎርፍ ማሳውን ይጠርግበታል።

ፓርኩ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእርሻ መስፋፋት፣ በሰፈራና በልቅ ግጦሽ ሳቢያ ግን በ1989 ዓ.ም በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በግጭ ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ገብስ ያመርቱበት የነበረውን መሬት ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ዛሬ ተጓዡ በጸጥታው የሚደሰትበት አምባ ትናንት የሰዎች ቀዬ ነበር። ቅርሱ የተጠበቀው በእነርሱም መሥዋዕትነት ነውና፣ የጉብኝቱ ገቢ ወደ እነዚህና ወደ አጎራባች ቤተሰቦች መድረሱ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

በቅሎ የሚያከራይ አርሶ አደር የቀን ገቢው የሚወሰነው በእንግዳ መምጣት ነው። የኮሮና ወረርሽኝና ተከትሎት የመጣው ጦርነት ጎብኚን ባራቁ ጊዜ ይህ ገቢ ተቋርጧል። ለጉዞ የሚያስቡ የከተማ ነዋሪዎች በቅሎና አስጎብኚ ከአካባቢው ቢቀጥሩ፣ እንቁላሉንና ዶሮውን ከደባርቅ ገበያ ቢገዙ ወጪያቸው በቀጥታ ለአርሶ አደሩ ይደርሳል።

ለጉዞው ተመራጩ ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት ያለው ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ወፍራም ልብስና የመኝታ ከረጢት የግድ ነው። በመጋቢትና ሚያዝያ 2011 ዓ.ም በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ ደረቅ ጓሳና አስታ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚቀጣጠሉ አሳይቷል፤ ስለዚህ እሳት ከተፈቀደው ቦታ ውጭ አይነድም፣ ቆሻሻም ተመልሶ ይወሰዳል። ከመነሣት በፊትም የመንገዱንና የአካባቢውን የጸጥታ ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።