ቆላና ደጋ በአንድ ድስት

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሙዝና ከማንጎ አገር ወጥቶ፣ ገና አርባ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው፣ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ከሚገኘው ከእንሰትና ከገብስ አገር ይደርሳል። በታች የዓባያና የጫሞ ሐይቆች ዓሣ፣ በላይ የደጋው አተርና ባቄላ በሚገኝበት በዚህ የጋሞ ምድር ሕፃን በምግብ ጉድለት ይቀጭጫል ቢባል፣ ለሰሚው የማይታመን ነገር ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 37 ከመቶ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት አንሰው ተገኝተዋል፤ የለምለም አገር ልጅም ከዚህ ዕጣ ነፃ አይደለም። የምድር መለምለምና የሕፃን መጥገብ እየቅል ናቸውና።

ፈጣሪ ለሕፃን ያዘጋጀለት የመጀመሪያው ማዕድ የእናት ጡት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚፈሰው ቢጫው እንገር፣ አንዳንዶች እንደ ጉድፍ ቆጥረው ቢያፈሱትም፣ ደዌን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የተከማቹበት ስንቅ ነው፤ ከዚያም እስከ ስድስት ወር ፍጻሜ የእናት ወተት ብቻውን ይበቃል፤ ውኃ መስጠትም ሆነ አዲስ ለተወለደው ቅቤ ማላስ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ስድስት ወር ሲሞላው ግን፣ ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ያከማቸው የብረት ማዕድን እየተሟጠጠ ስለሚሄድና ወተቱ ብቻውን ሊተካው ስለማይችል፣ ጡቱ ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ መጀመር ግድ ይሆናል።

ፈተናው የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ስለሆነ፣ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ሊበላ የሚችለው ሦስት የቡና ስኒ ያህል ነው። እናት እንዲቀለው ብላ በውኃ ያቀጠነችውን አጥሚት ብትመግበው፣ ሆዱ ይሞላል እንጂ ሰውነቱ አይጠግብም፤ ስታርች በእሳት ላይ ውኃ መጥጦ ስለሚያብጥ፣ ጥቂቱ ዱቄት ብዙ ውኃ ይይዛልና። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ደገኛው ለጠላው የሚያዘጋጀው ብቅል ነው። ገብስ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ረጃጅሙን የስታርች ሰንሰለት ይቆራርጠዋል፤ ስለዚህ ወፍራም ገንፎ ከእሳት ወርዶ ጥቂት በረድ ሲል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምሮ ቢያማስሉት ውኃ ሳይጨመርበት ይቀጥናል፤ በዱቄቱ ያለው ጀርም እንዲሞትም እንደገና አፍልቶ ማውረድ ያስፈልጋል።

ውፍረቱ ቢስተካከልም፣ የሚቀጥለው ጥያቄ በገንፎው ውስጥ ያለው ነገር ምንድር ነው የሚለው ነው። ቆጮና ቡላ ድርቅን ችሎ ከሚያልፈው ከእንሰት የሚገኙ፣ ቤተ ሰብን ከረኃብ የሚታደጉ ምግቦች ቢሆኑም፣ በስታርች የከበሩትን ያህል በፕሮቲን የደኸዩ ናቸው። ሐኪሟ ሲስሊ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1933፣ በዛሬዋ ጋና ከጡት ተለይተው በበቆሎ ምግብ ብቻ በሚያድጉ ልጆች ላይ፣ እግርን የሚያሳብጥና ቆዳን የሚልጥ ሕመም ማየታቸውን ጽፈዋል፤ ይኸውም ዛሬ ክዋሺዮርኮር የሚባለው ነው። ሰውነት የሚገነባባቸው የፕሮቲን ክፍሎች፣ አሚኖ አሲዶች፣ ብዙ ሲሆኑ፣ እህል ላይሲን ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ የዶርዜ ሸማኔ ድሩን ከማጉ ሳያገናኝ ጋቢ እንደማይሠራ ሁሉ፣ ሕፃኑም ሁለቱ ሳይገናኙለት ሥጋውን አይገነባም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሕፃናት ሥርዓተ ምግብ ክፍል ያስገኘው ፋፋ፣ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር በማዋሐዱ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የጋሞ እናትም ሁለት ወይም ሦስት እጅ የገብስ ዱቄት ከአንድ እጅ የተቆላ አተር ዱቄት ጋር ብትቀላቅል፣ ያንኑ ጥበብ በገዛ ጓዳዋ ታገኘዋለች።

ቆላው የሚያዋጣው ደግሞ ከዚህ አያንስም። በአካባቢው ሃሌኮ የሚባለው የሽፈራው ቅጠል፣ ዐይንን የሚያበራው የቫይታሚን ኤ መነሻና ካልሲየም የሞላበት ነው፤ ይህ ቫይታሚን በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟ፣ በደንብ በተቀቀለው ቅጠል ላይ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሊታከል ይገባል። የቅጠሉና የአተሩ ብረትም ከማንጎ ወይም ከፓፓያ ጋር ሲበላ በይበልጥ ወደ ደም ይገባል፤ ሻይ ግን ያግደዋል። የጫሞ ቆሮሶና ነጭ ዓሣ፣ አጥንቱ ተለቅሞ ሲላም፣ ለስድስት ወር ሕፃን ይስማማል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቤት ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም እንደማይገደድ እየታወቀ፣ ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ በዐቢይ ጾም ወራት ሕፃኑም አብሮ ከወተትና ከእንቁላል የሚርቅበት ጊዜ አለ፤ ለእርሱ አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ሥርዓቱንም ልጁንም ታስጠብቃለች።

ምግብ ግን ደዌ ካለበት ቤት አይበረክትም። የቆላው ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ፣ በአጎበር ያልተጋረደ ሕፃን የበላውን ብረት ተዘርፎ ያድራል፤ ተቅማጥም አንጀቱን እያቆሰለ ምግቡ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርጋል። ስለዚህ የፈላ ውኃ፣ በሳሙና የታጠበ እጅ፣ ሲታመም ኦ.አር.ኤስ. ከዚንክ ጋር፣ ሁሉም ከምግቡ ጋር ይቆጠራሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስድስት ወር የሞላውን ሕፃን ክንዱን ለክታ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ካገኘችው፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ በአውራ ጣት ሲጫኗቸው ከጎደጎዱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ለነገ የሚባል አይደለም።

እንግዲህ የጋሞን ሕፃን የሚያቀጭጨው የምድሩ ንፍገት ብቻ አይደለም፤ የአደላደል ጉድለትም አለበት። ሙዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይዘልቃል፤ ዓሣው ለምግብ ቤት ይሸጣል፤ የዶሮዋ እንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ ወደ ገበያ ይወርዳል። ይህ የኑሮ ግዴታ ነውና አይነቀፍም፤ ነገር ግን አባት ለገበያ የሚያወርደውን ከመቁጠሩ በፊት የሕፃኑን እንቁላል ቢያስቀር፣ ከገበያ ሲመለስም ከጨውና ከሳሙናው ጋር ቆለኛው አተር፣ ደገኛው የሃሌኮ ቅጠል ቢይዝ፣ የገዛውና ያስቀረው ሁሉ በልጁ ቁመት ላይ ይታያል።