«ነርቭ መግደል» እና የሚወራበት ሥቃይ

በወረታና በጣራ ገዳም አካባቢ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ጥርሱን ያመመው ሰው በነጭ ሽንኩርትና በቅርንፉድ ሲያስታግስ ከርሞ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ሊያስነቅል ነው፤ በተለምዶ «ነርቭ መግደል» የሚባለው የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ማለትም ሩት ካናል፣ ከመንቀል የከፋ ሥቃይ እንዳለው ይወራበታል። ይህ ወሬ የበሽታውን ሕመም በሕክምናው ላይ የጫነ ነው። በጥርስ ውስጥ ፐልፕ የተባለ፣ የደም ሥርና ነርቭ የያዘ ለስላሳ ሥጋ አለ፤ መበስበሱ እዚያ ሲደርስ ሥጋው ይቆጣል፣ ዙሪያውን ግን ደንዳና ግድግዳ ስለከበበው የሚያብጥበት ቦታ ያጣና ነርቩን ይጫነዋል። ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብሰው ጥዝጣዜ ከዚህ የሚመጣ ሲሆን፣ ሩት ካናል የሚያደርገውም ይህንኑ የተቆጣ ሥጋ ማውጣት ነው።

ሥራው የሚጀመረው እንደ ሊዶካይን ባለ ማደንዘዣ ስለሆነ፣ ታካሚው ከመርፌው ውጋት በኋላ በአብዛኛው የሚሰማው ግፊትና የመሣሪያው ድምፅ ብቻ ነው። እውነቱን ላለመሸፈን፣ ክፉኛ የተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ በመጀመሪያው መርፌ ላይደነዝዝ ይችላል፤ ሐኪሙ ማደንዘዣ መጨመር ስለሚችል ታካሚው እጁን አንሥቶ ቢያስታውቅ ነውር የለበትም። ከዚያ ጥርሱ በቀጭን ጎማ ተከልሎ፣ ቦዮቹ መርፌ በሚያህሉ ሞረዶች ይፋቃሉ፣ በረኪና ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር ይታጠባሉ፣ በመጨረሻም ጉታ ፐርካ በተባለ ከዛፍ ወተት በሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ይደፈናሉ። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው የላይኛው መንጋጋ ጥርስ 3 ወይም 4 ስላለው፣ የቀጠሮው ብዛትም በዚያው ይለያያል። ለጥቂት ቀናት ሲያኝኩ መጠዝጠዙ የተለመደ ነው።

ጥርስን ትል ይበላዋል የሚለውን ሌላ ወሬ ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አልተቀበለውም፤ ጥርስን የሚበሉት ከስኳር አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቅርንፉድ ግን ባዶ ተስፋ አይደለም፤ ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ያደነዝዛል፣ ሐኪሞችም በመሙያዎቻቸው ይጠቀሙበታል፣ የበሰበሰውን ግን አያወጣም። የላይ ጥርስ ቢነካ ዓይን ይጠፋል የሚለውም መሠረት የለውም፤ የሁለቱ ነርቭ የተለያየ ነው።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት ሕመሙ ሲቆም ድኗል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የቆመው ነርቩ ስለሞተ ሲሆን፣ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት መሄዱን ይቀጥላል። ከፋርማሲ የሚገዛው አሞክሲሲሊንም ደም ወደማይደርስበት ወደ ሞተው ፐልፕ አይገባምና ምንጩን አያጠፋም።

እርግጥ ሥሩ የተሰነጠቀ ወይም ከድዱ በላይ የሚረባ ነገር ያልቀረው ጥርስ ቢነቀል ይሻላል። ከዚህ ውጭ ላለው ታካሚ ዋናው እንቅፋት ሕመሙ ሳይሆን ወጪውና መንገዱ ነው፤ ሩዝ የሚያጭድ የፎገራ ገበሬ ለተደጋጋሚ ቀጠሮ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር መመላለስ ይከብደዋልና፣ ሥራው በአንድ ቀን ያልቅ እንደሆነና መንጋጋ ጥርስን ከመሰበር የሚጠብቀው ክራውን የተባለው ሽፋን ስንት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ይጠይቅ። ፊቱ ወይም አንገቱ ያበጠ፣ ትኩሳት የያዘው፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ የተቸገረ ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።