«ናይስ ዌዘር» መቼ ይባላል?



ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ ጥርት ሲል በእንግሊዝኛ «ናይስ ዌዘር» እንላለን። በመጀመሪያ ሰዋስዉን እናስተካክል። «ዌዘር» የማይቆጠር ስም ስለሆነ «ኤ» አይቀድመውም። «ኢትስ ኤ ናይስ ዴይ» ትክክል ነው፤ «ኢትስ ኤ ናይስ ዌዘር» ግን ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትርጉሙ ነው። ቋንቋው የመጣበት የእንግሊዝ ሀገር ደመናና ካፊያ ይበዛበታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ሰው ይደሰታል። ከ3,000 ሜትር በላይ በሚገኙት የመንዝና የግሼ ደጋዎች ግን ብራ ሁልጊዜ ደስታ አይደለም። በበልግ ዝናብ ገብስ ለሚዘራ ገበሬ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ሰማዩ ብራ ሆኖ ከከረመ ስጋት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ብራ ሌሊት ውርጭ ያመጣል። ምክንያቱም መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ያቆየዋል፤ ከሌለ ሙቀቱ ያመልጥና እሸቱ ባቄላ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ወደ መርሐቤቴ ቆላ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ደመናው ራሱ እፎይታ ነው።

ስለዚህ ያየነውን ብቻ ለመናገር «ኢትስ ሰኒ» ይበቃል። ዝናብ ረሕመት ነውና፣ በጊዜው ሲጥል «ናይስ ዌዘር» ብንል እንግሊዝኛው አይከለክለንም። ቤተሰብ ጋር ስንደውልም «እዚህ አየሩ አሪፍ ነው» ከማለታችን በፊት «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ።